«ጃርዲያ ነው» ከመባሉ በፊት

  

በጌጫ፣ በማሻ፣ በቴፒ፣ በሚዛንና በዙሪያው ላላችሁ አድማጮቻችን የዛሬው ዝግጅታችን ስለ ሕፃናት ተቅማጥ ነው። «እጅ ታጠቡ፣ መጸዳጃ ቤት ቆፍሩ፤ ይህንንማ ስንቴ ሰማነው» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ዛሬ የማነሳው ግን ከምክሩ በፊት የሚመጣውን ጥያቄ ነው። ልጁን የሚያስቀምጠው ምንድን ነው? ይህንንስ በምን እናውቃለን?

ጥያቄው የሚመለከተው ከሁሉ በፊት ወላጅን ነው። ልጁ ከትናንት ጀምሮ ያስቀምጠዋል። እናት አዝላው ጤና ጣቢያ ወይም የግል ክሊኒክ ትሄዳለች። ትንሽ ዕቃ ይሰጣትና የልጁን ሰገራ ታመጣለች። ላቦራቶሪ ውስጥ ባለሙያው ስላይዱ ላይ አንዲት ጠብታ ጨዋማ ውሃ ያደርጋል፤ በቀጭን እንጨት ከሰገራው ቆንጥሮ ያዋህዳል፤ በስስ መስታወት ይሸፍንና ማይክሮስኮፑ ሥር ያስገባዋል። ጥቂት ቆይቶ ወረቀት ይወጣል። ወረቀቱ ላይ ብዙ ጊዜ ከሁለት ስሞች አንዱ ተጽፎበታል፤ ወይ ጃርዲያ፣ ወይ አሜባ። ሜትሮኒዳዞል የተባለው መድኃኒት ይታዘዛል፣ እናትም «እንኳን በሽታው ታወቀ» ብላ ትመለሳለች።

በእርግጥ ታውቋል? እኔ እንደማምነው ብዙ ጊዜ አልታወቀም። ጥፋቱንም ላቦራቶሪ ባለሙያው ላይ አልጥልም፤ ባለሙያው ያየውን ነው የጻፈው። ችግሩ ማይክሮስኮፑ የሚያሳየውና የማያሳየው ነገር መኖሩ ላይ ነው። ጃርዲያ ይታያል፤ በጨዋማው ውሃ ውስጥ እየተገለባበጠ ሲንቀሳቀስ ዓይን ይስባል። የወስፋት እንቁላልም ይታያል። ሕፃናትን በብዛት ክፉኛ የሚያስቀምጠው ሮታ የሚባለው ቫይረስ ግን ከአንድ ሚሊሜትር አሥር ሺህኛ እጅ የማይበልጥ ስለሆነ በዚህ ማይክሮስኮፕ ጨርሶ አይታይም። ሽጌላ የተባለችው ደም የቀላቀለ ተቅማጥ የምታመጣ ባክቴሪያ ተለይታ እንድትታወቅ ሰገራው በልዩ ማብቀያ ላይ ተዘርቶ እስክትበቅል መጠበቅ ያስፈልጋል። ኢ. ኮላይ የሚባለው ባክቴሪያ ደግሞ በጤነኛ ሰው አንጀት ውስጥም ይኖራል፤ መርዝ የሚያመነጨው ዓይነት ከጤነኛው ተለይቶ የሚታወቀው በዘረመል ምርመራ ነው። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው መሣሪያው ሊያየው የቻለው ነው። ያልታየው ደግሞ እዚያው የልጁ አንጀት ውስጥ ሥራውን ይሠራል።

ከዚህ የከበደ ሌላ ጥያቄም አለ። ጃርዲያው በትክክል ታይቷል እንበል። መገኘቱ ብቻ ለበሽታው ተጠያቂ ያደርገዋል ወይ?

እስኪ የጌጫን ገበያ አስቡት። ገበያ መሐል ገንዘብ ጠፋና ሰዎች በሩጫ መጥተው አንድ ጎረምሳ ቆሞ አገኙ። «እዚህ ተገኝተሃልና አንተ ነህ» ቢሉት ፍርድ ይሆናል? ጎረምሳው እኮ ገንዘብ ባልጠፋበት ገበያም ሁሌ እዚያ የሚውል ሊሆን ይችላል። ሌብነት በደረሰ ቁጥር የሚገኝ፣ ባልደረሰ ቀን ግን የማይታይ ሰው ካለ ነው ዓይን ሊጣልበት የሚገባው። ይህን ለማወቅ ደግሞ ሰላም የዋለውን ገበያም ሄዶ ማየት ግድ ነው።

የተቅማጥን መንስኤ ሲያጠኑ የኖሩ ተመራማሪዎች ለብዙ ዘመን ያላደረጉት ይህንኑ ነበር። የታመሙትን ልጆች ሰገራ ይመረምራሉ፣ ያገኙትን ይቆጥራሉ፣ የተቆጠረውም የበሽታው ምክንያት ተብሎ ይጻፋል። ጤነኛ ልጆችን አብሮ የመረመረ ጥናት ጥቂት ነበር። ይህን በሰፊው ያረመው እ.ኤ.አ. ከ2007 መጨረሻ እስከ 2011 የተካሄደው፣ በእንግሊዝኛ ምህጻሩ ጄምስ የሚባለው ጥናት ነው። የአሜሪካው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ማይረን ሌቪንና ካረን ኮትሎፍ የመሩት ሲሆን፣ በሰባት አገሮች ማለትም በኬንያ፣ በማሊ፣ በሞዛምቢክ፣ በጋምቢያ፣ በሕንድ፣ በባንግላዴሽና በፓኪስታን ተካሂዷል። ኢትዮጵያ ከሰባቱ ውስጥ አልነበረችም፤ ጎረቤታችን ኬንያ ግን ነበረች።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አንድ ልጅ በከባድ ወይም በመካከለኛ ተቅማጥ ታሞ ጤና ተቋም ሲመጣ ሰገራው ይወሰዳል። በቀጣዮቹ ቀናት ተመራማሪዎቹ ወደ ልጁ ሰፈር ይሄዳሉ፤ በዕድሜው የሚቀራረበውን፣ ጾታው አንድ የሆነውን፣ ያልታመመ የሰፈር ልጅ ይፈልጋሉ። ቤተሰቡን አስፈቅደው የእሱንም ሰገራ ይወስዳሉ። የታመመውና ጤነኛው በአንድ ዓይነት ምርመራ ያልፋሉ። በዚህ መንገድ ከ22,000 በላይ ልጆች ተመረመሩ።

ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2013 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ሲወጣ አስገራሚ ነበር። ከታመሙት ልጆች 83 በመቶው ላይ ቢያንስ አንድ በሽታ አምጪ ተህዋስ ተገኘ። ጤነኞቹስ? 72 በመቶው ላይ ተገኘ። አድማጮቼ፣ ይህን ቁጥር ልብ በሉት። እየሮጡ የሚጫወቱ፣ ምግባቸውን የሚበሉ፣ ምንም ያልሆኑ ልጆች ናቸው፤ ሰገራቸው ቢመረመር ግን ከአሥሩ ሰባቱ «ተገኘበት» የሚባሉ ነበሩ። ጃርዲያ ደግሞ ከታመሙት ይልቅ በጤነኞቹ ላይ በዛ ብሎ ነው የተገኘው።

ጃርዲያ ምንም አያደርግም ማለቴ አይደለም። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ተቅማጥ ላይ እጁ ሊኖርበት ይችላል፤ የልጆችን ዕድገት እንደሚጎዳም የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ። ሕክምናው መቼ እንደሚያስፈልግ የሚወስነው ሐኪሙ ነው። አሜባንም በተመለከተ የዓለም ጤና ድርጅት የሚለው ግልጽ ነው፤ በትንንሽ ልጆች ላይ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ሲታይ አሜባ ምክንያት የሚሆነው አልፎ አልፎ ብቻ ነው፤ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ሽጌላ ነው። ትናንት የጀመረውን ውሃ ውሃ የሚል ተቅማጥ «ጃርዲያ ነው» ብሎ ዘግቶ፣ ልጁ የሚጠጣውን ፈሳሽ መርሳት ግን ልጅ ያሳጣል። እኔን የሚያሳስበኝ ይኸው ነው።

ታዲያ ዋነኞቹ እነማን ሆነው ተገኙ? በጄምስ ጥናት አራቱ ጎልተው ወጡ። ሮታ ቫይረስ፣ ክሪፕቶስፖሪዲየም የሚባል ጥቃቅን ጥገኛ ተህዋስ፣ መርዝ የሚያመነጨው ኢ. ኮላይና ሽጌላ። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ2016 ያንኑ ተቀምጦ የቆየ ሰገራ በረቀቀ የዘረመል ምርመራ እንደገና ሲያዩት ስድስት ተህዋሲያን መንስኤው ከተለየው ተቅማጥ 78 በመቶ ያህሉን እንደሚያመጡ ታወቀ። ከአራቱ ጋር የተጨመሩት አንድ ዓይነት አዴኖ ቫይረስና ካምፒሎባክተር የተባለው ባክቴሪያ ናቸው። የሽጌላ ድርሻ በመጀመሪያው ምርመራ ከታሰበው እጥፍ ያህል ሆነ። ከብዙ የተህዋስ ዓይነቶች መካከል ጥቂት ጠላቶች ተለዩ ማለት ነው፤ ክትባትም መድኃኒትም የሚሠራ ሰው የት ላይ እንደሚያተኩር አወቀ።

ወደ እኛው አካባቢ ልመለስ። ከእኛ ሩቅ ባልሆነችው ጅማ፣ በጅማ የሕክምና ማዕከልና በሰርቦ ጤና ጣቢያ፣ የጅማ ዩኒቨርሲቲና የኖርዌይ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ2016 መጨረሻ እስከ 2018 አጋማሽ ከ900 በላይ በተቅማጥ የታመሙ ልጆችን መርምረዋል። የፈለጉት ያንን ክሪፕቶስፖሪዲየምን ነበር። ይህ ተህዋስ አንድ ሚሊሜትር ለ200 ቢከፈል አንዱን ያህል ነው፤ ቀለም ካልተቀባ ባለሙያው አያገኘውም። ተመራማሪዎቹ ታዲያ አዲስና ውድ መሣሪያ አላስመጡም። ጤና ጣቢያዎቻችን ለቲቢ ምርመራ የሚጠቀሙበት፣ ብርሃን የሚያወጣውን ቀለም የሚያሳይ ማይክሮስኮፕ አለ። አክታ ለማየት የሚቀባውን ያንኑ ዓይነት ቀለም ሰገራው ላይ ቀቡት። ተህዋሲያኑም በጠቆረው ላይ እያበሩ ታዩ። ከረቀቁት ምርመራዎች ጋር ሲነጻጸር በዚህ ዘዴ ተህዋሱ ካለባቸው አሥር ልጆች ዘጠኝ ያህሉን መለየት ተቻለ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም አቀፍ የሕክምና መጽሔት ታትሟል። እኔ ይህን ሥራ በጣም እወደዋለሁ፤ መብራት፣ ይህ ማይክሮስኮፕና ባለሙያ ባለበት በማንኛውም የወረዳ ጤና ጣቢያ ሊሠራ የሚችል፣ በእኛው አገር ልጆች የተፈተነ ነውና። የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ የላቦራቶሪና የጤና ተማሪዎች የምትሰሙን ከሆነ ይህን ጥናት ፈልጋችሁ አንብቡት። የሸካንና የቤንች ሸኮን ልጆች ሰገራ ማን ይመርምር?

ሌላው ጥናት በምሥራቁ የአገራችን ክፍል፣ በሐረማያ ወረዳ የተደረገ ነው። የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ከአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ሆኖ ዓመት ገደማ የሆናቸውን መቶ ያህል ሕፃናት መረመረ። ግማሾቹ ላይ ካምፒሎባክተር ተገኘ። ይህ ባክቴሪያ በዶሮና በሌሎች የቤት እንስሳት አንጀት ውስጥ ያለ ችግር ይኖራል። እኛም ዘንድ ዶሮ ማታ ማታ ቤት ውስጥ ነው የምታድረው። ጠዋት ስትወጣ ኩሷን መሬቱ ላይ ትታ ትሄዳለች፤ የስምንት ወር ልጅ በዚያው ላይ ይድሃል፣ ያገኘውን አንስቶ ይጎርሳል። ለዶሮዋ ከቤት ውጭ ትንሽ ቆጥ መሥራትና ጠዋት ልጁ ከመውረዱ በፊት መሬቱን ጠርጎ ምንጣፍ ማንጠፍ የማንም አቅም የሚፈቅደው ነው።

የልጅ ጥርስ ነገርም እዚህ ላይ መነሳት አለበት። «ጥርሱ ሊወጣ ነው፣ ለዚህ ነው የሚያስቀምጠው» የማይባልበት አገር የለም። አንዳንድ ቦታም «መጥፎ ጥርስ ነው» ተብሎ የሕፃኑ ድድ ተቀድዶ ገና ያልበቀለው የወተት ጥርስ ይነቀላል። እናቶቻችን ይህን ያሉት ያዩትን ይዘው ነው፤ ጥርስና ተቅማጥ በአንድ ወቅት ሲመጡ አይተዋል። ስድስትና ሰባት ወር ላይ ግን ሌሎች ነገሮችም አብረው ይመጣሉ። ልጁ መዳህ ይጀምራል፣ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ይሰዳል፣ ከጡት ሌላ አጥሚትና ገንፎ ይቀምሳል፣ ውሃ ይጠጣል። ከእናቱ በማህፀን የወረሰው መከላከያም እየደከመ የሚሄደው ያኔ ነው። ጥርሱ አብሮ ተገኘ እንጂ አላመጣውም። ድድ መቅደድ ደግሞ ደም መፍሰስና ቁስል ከማምጣት በቀር ለተቅማጡ የሚሠራው ነገር የለም።

ውሃውንም በሚመለከት የጌጫና የአካባቢዋ ሰው አንድ የሚያዘናጋ ነገር አለው። ደናችን ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ ዝናባችን ብዙ ነው፣ ምንጮቻችን ኩልል ያሉ ናቸው። ኩልል ያለ ውሃ ግን ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። ሮታም ሽጌላም ክሪፕቶስፖሪዲየምም ውሃውን አያደፈርሱትም። ክረምት ሲገባ ከላይ ሜዳ የተጸዳዱበት፣ ከብት የዋለበት ሁሉ ታጥቦ ወደ ምንጩ ይወርዳል። ምንጩ ጎልብቶ፣ በግንብ ታጥሮ፣ በቧንቧ የሚወርድ ከሆነ ይሻላል። ውሃ አጋርን የመሰለ የክሎሪን ማከሚያም ባክቴሪያውንና አብዛኛውን ቫይረስ ይገድላል፣ አትተዉት። ክሪፕቶስፖሪዲየም ግን ክሎሪንን ይቋቋማል፤ ማፍላት ይገድለዋል። ለዚህ ነው ከሁለት ዓመት በታች ላለ ልጅ የሚሰጥ ውሃ ቢፈላ የምለው። ከስድስት ወር በታች ላለው ደግሞ ጡት ብቻ ነው፤ ውሃም ቅቤም አያስፈልገውም።

የቡና ለቀማ ወቅት ሌላ አደጋ አለው። እናት ከንጋት ጀምሮ ቡና ላይ ናት። ሕፃኑ ከእሷ ጋር ዛፍ ሥር ይውላል፣ ወይም ከሰባት ዓመት እህቱ ጋር ቤት ይቀራል። ጠዋት የተሠራ አጥሚት እስከ ከሰዓት ይቆይለታል። ለብ ብሎ የቆየ የልጅ ምግብ ውስጥ ባክቴሪያ በሰዓታት ይራባል፤ ያ መርዝ የሚያመነጨው ኢ. ኮላይ ለልጅ ከሚደርስባቸው መንገዶች አንዱ ይህ ነው። የቆየው ምግብ ለልጁ ሳይሰጥ በፊት እስኪፍለቀለቅ እንደገና ይሞቅ። ትንሿ እህቱም እጇን በሳሙና፣ ሳሙና ከሌለ በአመድ፣ እንድትታጠብ አስተምሯት፤ እናት በሌለችበት ሰዓት ልጁን የምታበላው እሷ ናት።

አሁን ወደ ሕክምናው ልምጣ። ተህዋሱ ማንም ይሁን ማን፣ ልጁን ቶሎ የሚገድለው ከሰውነቱ የሚወጣው ውሃና ጨው ነው። ስለዚህ መንስኤው እስኪታወቅ አይጠበቅም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ በዓለም ላይ በዓመት ከ4 ሚሊዮን በላይ ሕፃናት በተቅማጥ ይሞቱ ነበር፤ ዛሬ ቁጥሩ ከግማሽ ሚሊዮን በታች ወርዷል። ለዚህ ትልቁን ድርሻ ከያዙት አንዱ በውሃ ተበጥብጦ የሚጠጣው የጨውና የስኳር ቅመም፣ ኦ.አር.ኤስ፣ ነው። በእኛ አገር እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ልጆች 12 በመቶው ከጥናቱ በፊት በነበሩት ሁለት ሳምንታት ውስጥ ተቅማጥ ይዟቸው ነበር። ከእነዚህ ወደ ጤና ባለሙያ የተወሰዱት 44 በመቶው ብቻ ናቸው። ከግማሽ በላዩ ቤት ቀሩ ማለት ነው፤ ይህ ያሳዝነኛል።

ኦ.አር.ኤሱን ስትበጠብጡ ልኩ ወሳኝ ነው። አገራችን ውስጥ የተለመደው ፓኬት ለአንድ ሊትር ውሃ የሚሆነው ነው፤ ፓኬቱ ላይ የተጻፈውን አስነብቡ። ባዶ የውሃ ሃይላንድ መስፈሪያ ማድረግ ይቻላል፤ ግን የግማሽ ሊትር አለ፣ የአንድ ሊትር አለ፣ የሁለት ሊትር አለ። ላዩ ላይ «1 ሊትር» የሚለውን አይታችሁ፣ አጥባችሁ፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ሙሉት። ፓኬቱን በሙሉ ጨምሩ። በግማሽ ሊትር የበጠበጠ ሰው ለልጁ የሚጎዳ ጨው ሰጠው፤ በሁለት ሊትር የበጠበጠ ደግሞ አቅጥኖ አበላሸው። ስኳርም ወተትም አይጨመርበት። በስኒ ወይም በማንኪያ ቀስ እያላችሁ፣ ባስቀመጠው ቁጥር ስጡት። ካስታወከ አሥር ደቂቃ ጠብቁና ቀስ ብላችሁ እንደገና ጀምሩ። የተበጠበጠው ከ24 ሰዓት በኋላ ይደፋል። ጡትም ምግብም አይቋረጥ።

ዚንክ የሚባለውን እንክብል ደግሞ አትርሱ። ከስድስት ወር በታች ላለ ልጅ በቀን ግማሽ እንክብል፣ ከዚያ በላይ ላለው ባለ 20 ሚሊግራሙ አንድ እንክብል፣ ለአሥር ቀን ይሰጣል። ተቅማጡ በሦስተኛው ቀን ቢቆምም አሥሩን ቀን ጨርሱ። የጄምስ ጥናት ያሳየው ሌላ ከባድ ነገርም አለ። ክፉኛ አስቀምጧቸው የነበሩ ልጆች በቀጣዮቹ ሁለት ወራት የመሞት ዕድላቸው ካልታመሙት ከስምንት እጥፍ በላይ ነበር። ከሞቱትም ከግማሽ በላዩ የሞቱት ጤና ተቋም ከመጡ ከአንድ ሳምንት በኋላ ነው። ተቅማጡ ቆመ ማለት ልጁ ዳነ ማለት አይደለምና ምግብ ጨምሩለት፣ ከሳሳም መልሳችሁ ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ አሳዩት።

ልጁ ክፉኛ ውሃ ማጣቱን ለማወቅ የሆዱን ቆዳ በጣቶቻችሁ ያዝ አድርጋችሁ ልቀቁት። ወዲያው ካልተመለሰ፣ ዓይኑ ወደ ውስጥ ከገባ፣ እርግብግቢቱ ከጎደጎደ፣ ከፈዘዘ፣ መጠጣት ካቃተው ወይም ሰገራው ደም ከቀላቀለ እስኪነጋ አትጠብቁ፤ ባጃጅም ሞተርም ለምናችሁ፣ ካልሆነም በቃሬዛ፣ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። መንገድ ላይም ኦ.አር.ኤሱን እያጠጣችሁት።

አንዱን ጠላት ደግሞ ቀድሞ መከላከል ይቻላል። ሮታ ቫይረስ የምንጭ መጎልበት ብቻውን የሚያቆመው በሽታ አይደለም፤ የቧንቧ ውሃ በሞላባቸው ሀብታም አገሮችም ክትባቱ እስኪመጣ ድረስ ያልያዘው ልጅ አልነበረም ማለት ይቻላል። አገራችን ክትባቱን ለሁሉም ሕፃናት መስጠት የጀመረችው በ2006 ዓ.ም. ነው። በመርፌ አይወጋም፤ በአፍ የሚንጠባጠብ ነው፤ በስድስተኛውና በአሥረኛው ሳምንት በነፃ ይሰጣል። ለሽጌላና ለክሪፕቶስፖሪዲየም ግን በስፋት የሚሰጥ ክትባት እስካሁን የለም፤ ምርምሩ መቀጠል ያለበትም ለዚህ ነው። አንድ ቀን ተመራማሪዎች መጥተው «ልጅሽ ጤነኛ ነው፣ ግን የእሱንም ሰገራ ስጪን» ቢሉሽ እህቴ፣ ለምን እንደፈለጉት ጠይቂያቸው፤ ካስረዱሽና ፈቃደኛ ከሆንሽ ደግሞ ስጫቸው። የታመመው የጎረቤትሽ ልጅ በሽታ የሚታወቀው ካንቺ ጤነኛ ልጅ ጋር ሲነጻጸር ነው።

በሚቀጥለው ጊዜ ልጃችሁን ይዛችሁ ክሊኒክ ስትሄዱና «ጃርዲያ ተገኘበት» ስትባሉ ታዲያ ሁለት ነገር ጠይቁ። «ኦ.አር.ኤስና ዚንክስ?» በሉ። ሳይሰጣችሁ አትውጡ። ዛሬ ማታ ደግሞ የልጃችሁን የክትባት ካርድ አውጥታችሁ የሮታው መስመር ላይ ሁለት ቀን ተጽፎ እንደሆነ እዩ፤ ካልተጻፈ ነገ ጤና ኬላ ሄዳችሁ ጠይቁ።